ፔዳሉ ሲለሰልስ

«ፍሬኑ ለሰለሰብኝ» የሚል ሾፌር እንጅባራም ሆነ ዳንግላ ጋራዥ ሲገባ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረግለት የታወቀ ነው። ዘይት ይጨመራል፣ አየር ይወጣል፣ ካልተሻለው ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ማስተር ይቀየራል። አንዳንዴ ይሳካል። ብዙ ጊዜ ግን ገንዘቡ ይወጣና ጥፋቱ እዚያው ይቀራል፤ ለስላሳ ፔዳል ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ብልሽቶች የሚጋሩት ምልክት ነውና። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ስለጣለ፣ አሮጌውን ኮሮላና ዶልፊን ሚኒባስ እያከሙ መንዳት የግድ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን ባለመኪናውም ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ፍተሻው የሚጀምረው በእግር ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ ጎማ ሥር ድንጋይ ማድረግ፣ ሞተሩን ማጥፋት፣ የእግርን ጉልበት የሚያግዘው ሰርቮ ውስጥ የቀረው ቫኪዩም እንዲያልቅ ፔዳሉን አራት አምስት ጊዜ መርገጥ፤ ከዚያ ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ግማሽ ደቂቃ ያህል መያዝ።

ፔዳሉ እንደ ስፕሪንግ እግርን መልሶ የሚገፋ ከሆነና ደጋግመው ሲረግጡት ከፍ ካለ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። የፍሬን ዘይት አይጨመቅም፣ አየር ግን ይጨመቃል፤ የእግር ጉልበት ጎማው ጋ ሳይደርስ አየሩን በመጭመቅ ያልቃል። ፔዳሉ ብዙ ወርዶ ከዚያ ድርቅ ብሎ ከቆመ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ይህኛውም ሲደጋገም ከፍ ስለሚል በቀላሉ ከአየር ጋር ይምታታል። መለያው የእጅ ፍሬን ነው፤ እሱን ስበው እንደገና ሲረግጡ ፔዳሉ ከላይ ከያዘ፣ የኋላው ሸራ ከታምቡሮው ርቋል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ አየር ቢያወጡ አይድንም። ሸራውን ማስጠጋት፣ ካለቀም መቀየር ነው።

ሦስተኛው ተረግጦ ሲያዝ ቀስ እያለ የሚሰምጠው ነው፤ እኔ ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ዘይቱ የሆነ ቦታ እያመለጠ ነው። የአራቱንም ጎማዎች የውስጥ ገጽ፣ ከታምቡሮው ጀርባ ያለውን፣ ከፔዳሉ በላይ ማስተሩ ሰርቮው ላይ የሚገጥምበትን ሁሉ በጣት እየዳሰሱ ማየት ያስፈልጋል። ሁሉም ደረቅ ሆኖ፣ የዘይቱም መጠን ሳይቀንስ ፔዳሉ ከሰመጠ፣ ዘይቱ በማስተሩ ውስጥ ያረጀውን ጎሚኒ አልፎ ወደ ኋላ እየተመለሰ ነው። ማስተር መቀየር ተገቢ የሚሆነው ያኔ ነው።

እንጅባራና ዳንግላ ባሉበት በአዊ ዞን አንድ ሌላ ተጠርጣሪ አለ፤ ዘይቱ ራሱ። የፍሬን ዘይት በባሕርይው እርጥበት ይስባል፣ የአዊ ክረምት ደግሞ ረጅም ነው። አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። የዶት 4 ቁጥሮች 230 እና 155 ናቸው። እንጅባራ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ቻግኒ ደግሞ 1,600 ገደማ፤ ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። ከፋግታ ለኮማ ከሰል ጭኖ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪና ከዚያ የባሰውን የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ፍሬን ላይ እግር ጭኖ ከተወረደ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎትም እንደ አየር ይጨመቃል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ጠዋት ደህና የነበረ ፔዳል ቁልቁለቱ ግርጌ ይለሰልሳል፣ አርፎ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናው አልቆም ካለ ግን የጋለው ሸራው ነው።

ከፍታው ራሱ ፔዳልን ያለሰልሳል የሚል ካለ ተሳስቷል። እንጅባራ ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ የቤንዚን መኪና ሰርቮ ጉልበት ያንሰውና ፔዳሉ ይከብዳል እንጂ አይለሰልስም።

ዘይት ሲገዛ ትንሽ ቢሆንም ያልተከፈተ ጣሳ ይሻላል። ሱቅ ውስጥ ተከፍቶ የከረመው እርጥበት ጠጥቷል። በስህተት የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ከተጨመረበት ደግሞ ጎሚኒዎቹ ሁሉ ያብጣሉ። ጥርጣሬ ካለ ጥቂቱን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ጠብ ማድረግ ነው፤ የፍሬን ዘይት ከውሃው ጋር ይቀላቀላል፣ የሞተር ዘይት ከላይ ይንሳፈፋል። ከተንሳፈፈ ማጠብ ብቻ አይበቃም፤ ላስቲክ የሆነው ሁሉ መቀየር አለበት።

አየር ማውጣት ያስፈለገ እንደሆነ በአሮጌ መኪና ላይ ፔዳሉን እስከ ወለሉ መርገጥ ጎጂ ነው። ማስተሩ ውስጥ ጎሚኒው ለዓመታት ያልደረሰበት ቦታ ዝገት ይይዛል፤ ያን ቀን ሲደርስበት ይቀደዳል፣ ጠዋት በአየር ብቻ የገባው መኪና ማታ ማስተሩ ተበላሽቶ ይወጣል። ከፔዳሉ ሥር እንጨት ማስቀመጥ ይህን ይከላከላል። የፊቱ ካሊፐር ተፈትቶ ከነበረ የአየር ማውጫው ብሎን ወደ ላይ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ ግራና ቀኝ ተቀያይረው ከተገጠሙ ብሎኑ ታች ይሆንና አየሩ ከላይ ታፍኖ ይቀራል። በብዙ የቶዮታ ጭነት መኪኖች ደግሞ ከኋላው አክስል አጠገብ፣ እንደ ጭነቱ ክብደት የኋላውን ፍሬን የሚመጥን ቫልቭ አለ። ብዙዎቹ የራሳቸው አየር ማውጫ አላቸው፤ አራቱም ጎማ ተሠርቶ ፔዳሉ አሁንም ከለሰለሰ ያ ብሎን ተረስቶ ሊሆን ይችላል።

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ሜዳ ላይ በዝግታ መሞከር ነው። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ያንኑ የግማሽ ደቂቃ ፍተሻ መድገምና የጎማዎቹን ውስጥ እንደገና መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በፊት የቻግኒን ቁልቁለት በጭነት መጀመር አይገባም።