የፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት በአንድነት ወይስ በየክፍሉ?

የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ2012 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት መስጠት የጀመረው የፕሮግራም አጻጻፍ ትምህርት አንድ ወጥ ነበር፤ በ2013 ግን በሁለት ተከፈለ። ፊተኛው የፓይተንን ቋንቋ መሠረት፤ ኋለኛው ስታቲስቲክስንና የመረጃ ትንተናን ያስተምራል።

የመክፈል ጥቅሙ ምንድን ነው? ረዥም ትምህርት በመካከል ያቋረጠ ተማሪ የሚያሳየው ማስረጃ የለውም፤ አጭሩን ክፍል የፈጸመ ግን ያንኑ ይዞ ይቀራል።

ይሁን እንጂ ክፍፍሉ በሳምንታት ቁጥር ብቻ ቢወሰን ጉዳት አለው። ትእዛዝ መደጋገምን ተምሮ ፋንክሽን ሳይማር የቆመ ሰው፤ ረዘም ያለ ፕሮግራም በሥርዓት ሊጽፍ አይችልም።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ተገቢው መከፈያ፤ ተማሪው በተማረው ብቻ አንድ ሙሉ ሥራ ሠርቶ ለማሳየት የሚችልበት ቦታ ነው። ይህ ካልተገኘ ትምህርቱ ሳይነጣጠል ቢቀር ይሻላል።