ጦሩ ሁሉን ሲጨርስ

ክረምት ሲገባ ጋምቤላ ውስጥ ሁለት ነገር ይሞላል፤ ባሮ ወንዝና ቤታችን። ወንዙን ዝናብ ይሞላዋል፤ ቤቱን ደግሞ ትምህርት የተዘጋባቸው ልጆች። ሙቀቱ ከበረታ ከማንጎው ጥላ ሥር እንቀመጣለን፤ ዝናቡ ከመጣ በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን። መብራት የጠፋ ምሽት ቴሌቪዥኑም ዝም፣ የስልኩም ባትሪ እልቅ ይላል። እኛ ቤት ያቺ ሰዓት የጨዋታ ሰዓት ሆናለች።

ጨዋታውን ያመጣልን ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣው ወንድሜ ነው። ከሻንጣው ባለ 20 ገጽ ዳይስ አወጣ፤ አንድ ምሽት ከልጆቹ ጋር ሲጫወት አመሸና ዳይሱን ትቶልን ሄደ። የሚና ጨዋታ ይባላል። አንድ ሰው ተራኪ ይሆናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው በታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። ተራኪው፣ «ከፊታችሁ ወንዝ አለ፤ ጀልባዋ ደግሞ ታፈሳለች። ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ልጆቹ ይመክራሉ፤ ይወስናሉ። የሚሳካ መሆኑ በሚያጠራጥር ጊዜ ዳይስ ይጣላል። በዚህ መልክ ታትሞ ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው ጨዋታ «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ይባላል፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። ለኛ ሰው ግን እንግዳ አይደለም። «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» ብሎ የሚቀበለው ልጅ፣ እዚህ ራሱ ተረቱ ውስጥ ገብቶ ይራመዳል፤ ልዩነቱ ይኸው ነው።

ዘንዶና ግንብ ለልጆቼ ሩቅ ስለሆነባቸው ታሪኩን ወደ ሰፈራችን አመጣሁት። ጋምቤላ የወደብ ከተማ እንደነበረች ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። አፄ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት እዚህ ባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ። በክረምት፣ ወንዙ ሲሞላ፣ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ አድርገው እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር፤ ከደጋው፣ ከጎሬ በኩል የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ውሃው ሲጎድል መንገዱ ይዘጋል። የኛም ጨዋታ ይህ ነው፦ ሦስት መንገደኞች ቡናውን ከጎሬ አውርደው፣ የመጨረሻው መርከብ ሳይነሳ ወደቡ ላይ ማድረስ አለባቸው።

የ14 ዓመቱ ትልቁ ልጄ ጦረኛ ሆነ። የ11 ዓመቷ እህቱ አስተርጓሚ ሆነች። የ8 ዓመቱ ትንሹ፣ «እኔ ጀልባ ቀዛፊ ነኝ» አለ። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ወሰንኩ። በጨዋታችን ውስጥ ጠላት የሚሆን ሰው የለም። ልጆቻችን ስለ ግጭት የሚሰሙት ይበቃቸዋል። የምንፋለመው ከአዞ፣ ከጉማሬ፣ ከጅብ፣ ከጎርፍና ከጊዜ ጋር ነው።

ስጦታዬ ያመጣው ጣጣ

ችግሩን የፈጠርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ለትልቁ ልጄ ልደት በጨዋታው ውስጥ አንድ ልዩ ጦር ሸለምኩት። በኛ ደንብ ተጫዋቹ አውሬ ለመምታት በዳይሱ 11 እና ከዚያ በላይ ማውጣት አለበት። ይህ ማለት ከሁለት አንዴ ይሳካለታል ማለት ነው። ጦሩ ግን በዳይሱ ላይ 5 ይጨምርለታል፤ ስለዚህ 6 ካወጣ ይበቃዋል፤ ከአራት ሦስት ጊዜ ይመታል። በዚያ ላይ እህትና ወንድሙ ሲመቱ ከአውሬው የሕይወት ነጥብ 5 ሲቀንሱ፣ እሱ 20 ይቀንሳል።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ምሽቶች አንድ ዓይነት ሆኑ። አውሬ ይመጣል፣ ጦሩ ይወረወራል፣ አውሬው ይሞታል። በአራተኛው ምሽት ሴት ልጄን፣ «አንቺስ ምን ታደርጊያለሽ?» አልኳት። «እኔ ምን ልሥራ እማዬ? እሱ ጨርሶታል እኮ» ብላ ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ጓዳ ገባች። እንዲህ ለማጠብ ስትቸኩል አይቻት አላውቅም! ትንሹም ዳይሱን ገፋ አድርጎ፣ «እኔ ዝም ብዬ ልስማ» አለ። ትልቁ ብቻውን ቀረ። አሸናፊ ነው፤ አብሮት የሚጫወት ግን የለም።

ሁለት ስህተቶች

የመጀመሪያ ሐሳቤ ማንም ወላጅ የሚያስበው ዓይነት ነበር፦ ልጁ ከበረታ አውሬውን ላበርታው። የ60 ነጥቡን አዞ 120 ነጥብ ሰጥቼ ንክሻውን 15 አደረግሁት። አዞው ግን ጦረኛውን ትቶ ጀልባዋን ያዘ። ቀዛፊው የነበረው የሕይወት ነጥብ 12 ብቻ ነው። በአንድ ንክሻ አለቀ። ትንሹ ልጄ ያን ምሽት እያለቀሰ ተኛ። ለጠንካራው ልክ እንዲሆን የተሠራ አደጋ መጀመሪያ የሚያገኘው ደካማውን ነው።

በጨዋታው መጻሕፍት ውስጥም ይኸው ወጥመድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» አምስተኛ እትም ለእያንዳንዱ አውሬ የክብደት ቁጥር ይሰጣል፤ በዚያው ደረጃ ላይ ያሉ አራት ተጫዋቾች በደንብ ታጥቀውና አርፈው ከመጡ ይችሉታል የሚል ግምት ነው። ቁጥሩ የሚሠራው ግን ተጫዋቾቹ ተቀራራቢ ሲሆኑ ነው። አንዱ አራት እጥፍ ሲበልጥ ስሌቱ ይፈርሳል። በ14 እና በ8 ዓመት ልጆች መካከል ደግሞ መቼም እኩልነት የለም።

ሁለተኛው ስህተቴ ይባስ ነበር። ጦሩን ሌባ እንዲሰርቀው አደረግሁ። ትልቁ ልጄ ምንም አልተናገረም፤ ግን ሁለት ምሽት ጨዋታውን ትቶ ጎኑን አዙሮ ተኛ። ልክ ነበር። ጦሩን የሰጠሁት እኔ፣ በደንብ ስለተጠቀመበት የቀጣሁትም እኔ።

«እኔ ካልመታሁ ይሞታሉ»

በሦስተኛው ቀን ውሃ ስንቀዳ ለብቻው አገኘሁትና፣ «ለምንድን ነው ለእነሱ ምንም የማትተውላቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እማዬ፣ እኔ ካልመታሁ እኮ ይሞታሉ» አለኝ።

እኔ ሊታይ የፈለገ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየጠበቃቸው ኖሯል። «ታላቅ ነህ፣ እህትና ወንድምህን ጠብቅ» የምለው እኔ ነኝ፤ መንገድ ሲሻገሩ፣ ወንዝ ዳር ሲወርዱ፣ የቤት ሥራ ሲሠሩ። የነገርኩትን ነው በጨዋታውም ያደረገው። መጠበቅ ማለት ሁሉን ራስ መሥራት እንዳልሆነ ግን ነግሬው አላውቅም።

ጦሩን መለስኩለትና የምሠራበትን መንገድ ለወጥኩ። ጥያቄዬ «ይህን ልጅ የሚያሸንፍ አውሬ እንዴት ልፍጠር?» የሚል ነበር። አሁን «ጦር የማይፈታው ምን ዓይነት ችግር አለ?» የሚል ሆነ። ብዙ ችግር አለ።

የሠሩልን መንገዶች

አንዱን ትልቅ አውሬ በብዙ ትንንሾች ይተኩት። ባለ 60 ነጥቡን አዞ ትቼ፣ እያንዳንዳቸው 10 ነጥብ ያላቸው 6 ትንንሽ አዞዎች አመጣሁ። ድምሩ ያው 60 ነው። ሦስቱም ልጆች ተሳካላቸው እንበል። በትልቁ አዞ ጊዜ በአንድ ዙር ከሚቀነሰው 30 ነጥብ 20ው የጦረኛው ነበር። አሁን ግን ጦሩ 20 ቢመታም የሚገድለው አንድ አዞ ብቻ ነው፤ ትርፉ 10 ይባክናል። እህትና ወንድሙ አንድ አዞ ላይ ቢተባበሩ እነሱም አንድ ይገድላሉ። ከሥራው ሁለት ሦስተኛውን ይዞ የነበረው ልጅ አሁን ግማሹን ይይዛል፤ ከእጁ ግን ምንም አልተወሰደበትም። ንክሻቸውንም 3 ስላደረግሁት ቀዛፊው ቢነከስም በአንዴ አይሞትም። ቁጥሩን ግን አያብዙት፤ ከ6 ካለፈ ጨዋታው ይንዛዛል፣ ትንሹም ያንቀላፋል።

ሁለት ቦታ ላይ ችግር ይፍጠሩ። ጅቦቹ ዳገቱ ላይ የጭነት ከብቶቹን ከበዋል፤ ጀልባዋ ደግሞ ታች ወንዙ ዳር ውሃ እያስገባች ነው። ጦረኛው የቱንም ያህል ቢበረታ ሁለት ቦታ አይቆምም። «ጀልባዋን አንተ ያዛት» ብሎ ለትንሹ የተናገረው በዚህ ምሽት ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎት አያውቅም።

ጊዜን ጠላት ያድርጉት። መርከቧ ውሃው ሳይጎድል ትሄዳለች። ወረቀት ላይ 10 ሳጥን ሣልኩ፤ እያንዳንዱ ፍልሚያ፣ እያንዳንዱ ዕረፍት አንድ ሳጥን ያስጠቁራል። አሁን ማሸነፍ ብቻውን አይበቃም፤ መዋጋቱ ያዋጣል ወይ የሚለው ይመዘናል። ልጆቹ አውሬውን ዞሮ ማለፍን ያሰቡት ያን ጊዜ ነው።

ዕረፍትን ውድ ያድርጉት። ኃይለኛውን ውርወራ ከአንድ ሌሊት ዕረፍት በኋላ አንዴ ብቻ እንዲጠቀምበት ተስማማን። ቀድሞ በቀን አንድ አደጋ ስለነበረ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይሉን ይዞ ይገባል። በቀን ሦስት አደጋ ሲሆን «አሁን ልጠቀምበት ወይስ ለኋላ ላስቀምጠው?» የሚል ጥያቄ መጣ።

ጦር የማይከፍተው በር ይሥሩ። ክልላችን የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ቋንቋዎች አገር ነው። ከጎሬ ደጋ እስከ ባሮ ቆላ ለሚወርድ መንገደኛ መንገድ የሚያሳየው፣ መሻገሪያውን የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። ሰላምታና ጨዋነት የሚሻ ሽማግሌ መንገድ ላይ ባስቀመጥኩ ምሽት አስተርጓሚዋ ለግማሽ ሰዓት ብቻዋን መራችን። ሳህኖቹ እስከ ጠዋት ሳይታጠቡ አደሩ፤ እኔም አልተቆጣሁም።

ጠንካራውም የሚያበራበት ምሽት ይኑር። ይህን እንዳይረሱ። ሁልጊዜ ኃይሉ የማይጠቅምበት ነገር ከገጠመው ይህም ሌላ ቅጣት ነው። ከሦስት ምሽት አንዱን ለሱ ተውኩለት፤ ያን ቀን ጦሩ ብቻ የሚያድን ይሆናል፣ እህትና ወንድሙም ያጨበጭባሉ።

የአባቶቻችንም ብልሃት ነው

የበረታ ሰው ከባዱን መንገድ ቢመርጥ የሚከበርበት ጨዋታ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ሲጽፉ፣ የተጋጣሚን ንጉሥ በጠንካራዎቹ መጫወቻዎች ማት ማድረግ እምብዛም እንደማያስመሰግን፣ በትንንሾቹ እግረኞች ማት ማድረግ ግን ከፍ ያለ ሙገሳ እንደሚያስገኝ መዝግበዋል። ጎበዙ ተጫዋች ፈረሱን አይነጠቅም፤ ክብሩ ግን በእግረኛው ማሸነፉ ላይ ነው። ይህን ለትልቁ ልጄ ስነግረው ዝም ብሎ አሰበና፣ «ታዲያ የኔ እግረኞች እነሱ ናቸው?» አለኝ። «አይደሉም፤ እነሱም ተጫዋቾች ናቸው» አልኩት። ሳቀ።

እርስዎም ቤት መሞከር ከፈለጉ ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ባለ 20 ገጽ ዳይስ ከሌለ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ትንንሽ ወረቀቶች አጣጥፈው ስኒ ውስጥ ይጨምሩ፤ ልጆቹ አንድ አንድ ያውጡ፣ አይተው ይመልሱ። ለእያንዳንዱ ልጅ እሱ ብቻ የሚችለውን አንድ ነገር ይስጡት። ሚዛኑ ሲዛባ ደግሞ አውሬውን ከመለወጥዎ በፊት ልጁን ያነጋግሩት። እኔ መጨረሻ ላይ ያደረግሁትን መጀመሪያ ቢያደርጉት ሁለት የልቅሶ ምሽት ይተርፍልዎታል።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ ማለቴ አይደለም። ትልቁ አሁንም የሌላውን ተራ ይቀማል፤ እህቱም «ተራዬ ነው!» እያለች ትጮኻለች። ግን ከጨዋታው የሚነሳ የለም።

ትምህርት ሊከፈት ሰሞን የመጨረሻውን ምሽት ተጫወትን። ከሳጥኖቹ የቀረው አንድ ብቻ ነው። መርከቧ ፊሽካዋን ነፍታለች፤ ቡናው ጀልባዋ ላይ ነው፤ በመሐል ጉማሬ ብቅ አለ። ሁላችንም ትልቁን አየነው። ኃይለኛው ውርወራ በእጁ ነበር። እሱ ግን፣ «ጦሬን ዳር ላይ እተክልና የጀልባዋን ገመድ አስርበታለሁ፤ አንተ ቅዘፍ» አለ። ትንሹ ዳይሱን በሁለት እጁ አንስቶ ብዙ ነቀነቀው። ማውጣት ያለበት 11 ነበር፤ 13 ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ለጎረቤት ልጆች ከማንጎው ሥር ቆሞ ሲተርክ ሰማሁት፤ «እኔ ቀዘፍኩ፤ ወንድሜ ገመዱን ያዘልኝ» ይላል።