ንባብና ጽሕፈት በሕፃናት ትምህርት፤ ከየኔታ ደጅ እስከ አንደኛ ክፍል

በጥንታዊው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ማንበብና መጻፍ እንደ አንድ ዕውቀት የሚቈጠሩ አልነበሩም። ዛሬ በአንድ ትንፋሽ የሚጠሩት እነዚህ ሁለት ችሎታዎች በቀድሞው ዘመን የየራሳቸው መምህር፣ የየራሳቸው ጊዜና የየራሳቸው ማዕርግ ነበራቸው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሁለቱን በአንድ ክፍል ውስጥ ባገናኛቸው ጊዜ የንባቡን ሥርዓት ከአባቶች ተረከበ፤ የጽሕፈቱን ሥርዓት ግን አልተረከበም። በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች የሚታየው የእጅ ጽሕፈት ችግር ከፊሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ልጅ ወደ የኔታ ዘንድ ሲገባ ሥራው በዓይን፣ በጆሮና በአንደበት ነው። ስንደዶ ይዞ በገበታው ላይ ያለውን ፊደል አንድ በአንድ እየነካ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቈጥራል። በመጀመሪያ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ያለውን በተራው ያጠናል፤ ከዚያ በኋላ «አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ» እያለ በሚጀምረው በአቡጊዳ ተራው ይፋለስበታል። የአቡጊዳ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ይኸውም ተራውን በቃሉ ብቻ የያዘ ልጅ ፊደሉን በመልኩ ሳይለይ እንዳያልፍ ያግደዋል። ቀጥሎ የዮሐንስ መልእክት በቁጥር፣ በግዕዝ፣ በውርድና በቁም ንባብ ይዘለቃል፤ በመጨረሻም 150ው መዝሙረ ዳዊት ይደገማል። በቀድሞው ዘመን ዳዊት የደገመ ልጅ «ተማረ» ይባል ነበር። ይሁን እንጂ ይህ የተማረ ልጅ ስሙን እንኳ መጻፍ የማይችል ሊሆን ይችላል፤ ይህም እንደ ጕድለት አይቈጠርበትም ነበር።

ጽሕፈት የቁም ጸሓፊ ሙያ ነበረና። ይህን ሙያ የፈለገ ሰው ንባቡን ከፈጸመ በኋላ ከአንድ ጸሓፊ ዘንድ ሄዶ ይማራል። ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ከመቃ ብርዕ መቅረጽ፣ በወስፌ መሥመር ማስመር፣ ይህ ሁሉ የትምህርቱ ክፍል ነው። በዚህም ምክንያት የተማሪው እጅ ፊደል መጣል ከመጀመሩ በፊት ከመሣሪያው ጋር ይለማመዳል። የብርዑ አፍ ጠፍጣፋ ስለ ሆነ ቁልቁል ሲሳብ ወፍራም፣ ወደ ጎን ሲሳብ ቀጭን መሥመር ያወጣል፤ የግዕዝ ፊደል ያማረ መልክ ያገኘው በዚህ የብርዕ አያያዝ ነው።

የሁለቱ ዕውቀት መለያየት ያለ ምክንያት አልነበረም። አንድ ዳዊት ለመጻፍ የብዙ ፍየል ወይም በግ ቆዳ ያስፈልግ ስለ ነበረ ብራና ለሕፃን መለማመጃ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። ንባብ ለጸሎት ለሁሉ ሲያስፈልግ ጽሕፈት ግን ለጥቂቶች ሥራ ብቻ ይፈለግ ነበር። ነገሥታትና መኳንንትም ቢሆኑ ደብዳቤያቸውን በጸሓፊ አስጽፈው ማኅተማቸውን ያሳርፉበት ነበር። ከዚህም ሌላ ክታብ የሚጽፍ ደብተራ በሕዝቡ ዘንድ የሚፈራ ስለ ነበረ መጻፍ መቻል ራሱ አንዳንድ ጊዜ የጥርጣሬ ምክንያት ይሆን ነበር።

በዚያው አገር ይህን የማይመስል ልማድ መኖሩም ሊስተዋል ይገባል። በሐረር፣ በወሎና በሌሎችም ቦታዎች ባለው የቁርኣን ትምህርት ቤት ልጁ ትምህርቱን የሚያጠናው ሎሕ በተባለ እንጨት ላይ ነው። በሎሑ ላይ በቀለም ይጻፋል፤ ከተጠናም በኋላ ታጥቦ እንደ ገና ይጻፍበታል። ሎሕ የሚያልቅ ዕቃ ስላልሆነ ስሕተት ዋጋ አያስከፍልም። ከዚህም እንደሚታየው ልጅ እጁን ለጽሕፈት የሚያፍታታው በሃይማኖቱ ወይም በፊደሉ ጠባይ ብቻ ሳይሆን በሚጽፍበት ነገር ርካሽነትና ውድነት ጭምር ነው።

እንደ ተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት፣ በ1917 ዓ.ም. እንደ ተከፈተው፣ ያሉ ዘመናዊ ትምህርት ቤቶች ሲስፋፉ ወረቀትና እርሳስ ለልጁ እጅ ደረሱ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ መጻፍን ከማንበብ ጋር አዛምዶ እስከ ገጠር አደረሰው። ነገር ግን የፊደሉ ገበታ ለዓይንና ለአንደበት በተሠራለት ተራ እንዳለ የእጅም መማሪያ ሆነ። እጅ ግን የራሱ ተራ አለው። የመጀመሪያዎቹን አራት ፊደላት ብቻ ብንመለከት፣ «ሀ» ጐባጣ ቅስት፣ «ለ» ሁለት እግር፣ «ሐ» ሦስት እግር፣ «መ» ሁለት የተያያዙ ክቦች ናቸው፤ ጀማሪው ገና አንዱን እንቅስቃሴ ሳይለምድ ወደ ሌላው ይገፋል።

በአማርኛ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲበዙ ዲቃላዎቹንና ኋላ የመጣውን «ቨ»ን ሳይጨምር 231 መልኮች ይሆናሉ። ይህ ብዛት የሚያስፈራው እያንዳንዱ መልክ ለብቻው ሲጠና ነው። በዘመድ ሲከፈል ግን ሸክሙ ይቀልላል፤ በአንድ እግር የሚቆሙት «ቀ፣ ተ፣ ነ፣ የ፣ ገ»፣ በሁለት እግር የሚቆሙት «ለ፣ ሰ፣ በ፣ አ፣ ከ»፣ በሦስት እግር የሚቆሙት «ሐ፣ ጠ፣ ጨ»፣ ክብነት ያላቸው «መ፣ ወ፣ ዐ» አንድ ላይ ሊጠኑ ይችላሉ። የሰባቱ መደብ ለውጥም እንዲሁ ሥርዓት አለው። በብዙዎቹ ፊደላት ካዕብ በወገቡ ላይ፣ ሣልስ በእግሩ ላይ ወደ ቀኝ ቅጥል ይጨምራል፤ ኃምስ በእግሩ ሥር ቀለበት ያበጃል። ራብዕ ባለ ሁለት እግሩን እንደ «ላ» የቀኝ እግሩን ያስረዝመዋል፣ ባለ አንድ እግሩን እንደ «ታ» ወደ ግራ ያጐብጠዋል። ሳብዕ እንደ «ቦ» የግራውን እግር ያስረዝማል፣ ወይም እንደ «ሎ» ቀለበት ይጨምራል። ሳድስ ግን «ል፣ ብ፣ ት፣ ን» እንደሚያሳዩት አንድ ደንብ የለውም፤ «ሩ» እና «ፉ»ም ከካዕብ ደንብ ይወጣሉ። እንግዲህ ብዙ ልምምድ የሚያስፈልገው ደንብ ላለው ሳይሆን ለሳድስና ለእንደነዚህ ያሉት ነው።

ሌላው ችግር የአርኣያው ነው። የታተመው ፊደል የብርዑን ወፍራምና ቀጭን መሥመር እንደ ጠበቀ ነው፤ የእርሳስ መሥመር ግን ሁሉም እኩል ነው። ገበታውን ብቻ እያየ የሚገለብጥ ልጅ የወፍራሙን መሥመር ዳርና ዳር ሊሥል ይዳዳዋል፤ ይህም መሣል እንጂ መጻፍ አይደለም። ስለዚህ ፊደሉ ከወዴት ተነሥቶ ወዴት እንደሚወርድ መምህሩ በሰሌዳው ላይ እየጻፈ ሊያሳየው ያስፈልጋል። አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደላት፣ ሀሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ»፣ ንጉሡ «ሠ» እና እሳቱ «ሰ»፣ የአጻጻፍ እንጂ የእጅ ችግር አይደሉም፤ ሁለቱ ችግሮች በአንድ ጊዜ በጀማሪ ላይ ሲጫኑ ልጁ ሁለቱንም ይሸሻል።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ መገልበጥ ጽሕፈት መስሎ መታየቱ ነው። ደብተሩን በሰሌዳው ጽሑፍ የሞላ ልጅ ያልተጻፈለትን አንድ ቃል ጻፍ ቢባል ሊያቅተው ይችላል፤ ደብተሩ ግን ይህን አይናገርም። የጥንት መምህራን ይህን የመሰለውን ሽንገላ በንባብ ላይ ዐውቀውት መድኃኒቱን በአቡጊዳ አበጁለት። እጅም አቡጊዳ ያስፈልገዋል። «ሀ፣ ሁ፣ ሂ» ብሎ በተራው የጻፈ ልጅ ተራውን ማወቁን ያሳያል፤ ተራው ተፋልሶ «ኬ» ሲባል፣ ቀጥሎም «ሩ» ሲባል ሰምቶ የሚጽፍ፣ ከዚያም የገዛ ቤቱን ነገር በቃል ሠርቶ የሚጽፍ ልጅ ግን መጻፉን ያሳያል። ከየኔታ የንባብን ፈተና፣ ከቁም ጸሓፊው የመሣሪያን ልምምድ፣ ከሎሑ ያለ ፍርሃት ጽፎ የመደምሰስን ነፃነት አንድ አድርጎ የሚይዝ የመጀመሪያ ክፍል ከውጭ የተዋሰው ነገር ጥቂት ነው፤ ሦስቱም በአገሩ ሲኖሩ የቈዩ ናቸውና።