‹‹ነፃ›› ሶፍትዌርም ከፋይ አለው
ኮድ የማይጽፍ ነጋዴ ለክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ምን ሊያዋጣ ይችላል?

ዋጋው ዜሮ ነው የተባለ ዕቃ ገበያ ላይ ሲቀርብ ልምድ ያለው ነጋዴ እጁን ከመዘርጋቱ በፊት ‹‹ሒሳቡን ማን ከፈለው?›› ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በሶፍትዌር ገበያ ውስጥ ግን ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ነጋዴ ጥቂት ነው። የሒሳብ መዝገቡን፣ ደብዳቤውንና የመጋዘን ቆጠራውን በነፃ ባገኘው ፕሮግራም የሚሠራ ድርጅት ዕቃው ከየት እንደመጣና ነገም ስለመኖሩ ሲጨነቅ አይታይም።

ክፍት ምንጭ ወይም ኦፕን ሶርስ በመባል የሚታወቀው የሶፍትዌር ዓይነት ማንም ሰው እንዲገለገልበት፣ እንዲያባዛው፣ ውስጡን ከፍቶ እንዲያየውና እንዲያሻሽለው በሕጋዊ ፈቃድ የተለቀቀ ነው። ከሱቅ ወደ ሱቅ በስርቆሽ ከሚባዛው ፕሮግራም የሚለየውም በዚህ ፈቃድ ነው። ሆኖም ዕቃው በነፃ ተገኘ ማለት ሥራው ያለ ወጪ ተሠራ ማለት አይደለም። አንዱ ጊዜውን፣ ሌላው ዕውቀቱን፣ ሦስተኛው ገንዘቡን አፍስሶበታል። ከዚህ መዋጮ ውስጥ ቀላል የማይባለው ድርሻ ደግሞ አንድ መስመር ኮድ ጽፈው ከማያውቁ ሰዎች የሚገኝ ነው።

የገበያው ስፋት

እ.ኤ.አ. በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ሊኑክስ በዛሬው ጊዜ የአንድሮይድ ስልኮች ሁሉ መሠረት ነው። በዓለም ላይ በፍጥነታቸው የታወቁት 500 ኮምፒዩተሮች በሙሉ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ሊኑክስን ይዞ ለድርጅቶች አገልግሎትና ድጋፍ በመሸጥ የከበረውን ሬድ ሃት የተባለ ኩባንያ አይቢኤም በ2019 የገዛው በ34 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። አይቢኤም ይህን ያህል ገንዘብ የከፈለው ማንም በነፃ ሊያገኘው ለሚችለው ኮድ ሳይሆን ኮዱን ለሚያውቁት ሰዎች፣ ለደንበኞቹና ለታመነው ስም ነው ማለት ይቻላል።

ከሃርቫርድ የንግድ ትምህርት ቤት ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች በ2024 ባወጡት ጥናት ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ባይኖር ኖሮ ኩባንያዎች ለሶፍትዌር የሚያወጡት ገንዘብ 3.5 እጥፍ ይሆን እንደነበር ገምተዋል። ለተጠቃሚዎች የሚሰጠውን ጥቅም በገንዘብ ሲተምኑትም 8.8 ትሪሊዮን ዶላር ደርሷል።

ኢትዮጵያም ከዚህ ገበያ ውጪ አይደለችም። ባንኮች ደንበኞቻቸውን የሚጠይቁት የፋይዳ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ ክፍት ምንጭ ሥርዓት ላይ ሲሆን፣ ሞሲፕ በሕንድ ባንጋሎር ከተማ በሚገኝ የቴክኖሎጂ ተቋም በ2018 የተጀመረ ነው። የጤና ተቋማት መረጃ የሚጠናቀርበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ፕሮግራምም በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ የክፍት ምንጭ ውጤት ነው።

ደቦው ማጨድ ብቻ አይደለም

የክፍት ምንጭን አሠራር ለመረዳት የገጠሩን ደቦ ማሰብ ይበቃል። በደቦ ቀን ማጭድ የሚይዘው ብቻ አይደለም የሠራ የሚባለው። ጠላ የጠመቀችው፣ እንጀራ የጋገረችው፣ ነዶ የተሸከመው፣ አውድማ የለቀለቀው ሁሉ የሥራው ባለቤት ነው። ጠላና ምሳ ያልተዘጋጀበት ደቦ አጫጆቹ ምንም ያህል ጎበዞች ቢሆኑ እኩለ ቀን ላይ ይበተናል።

በሶፍትዌሩም ዓለም ነገሩ ይኸው ነው። የአጠቃቀም መመሪያ የሚጽፍ፣ የሚተረጉም፣ አዲሱን ስሪት ቀድሞ የሚሞክር፣ ስህተት ሲያገኝ የሚያመለክት፣ የአዲስ ተጠቃሚዎችን ጥያቄ የሚመልስ፣ የገጹን መልክ የሚያሳምር፣ ስብሰባ የሚያዘጋጅ፣ ውል የሚመረምርና ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰው ያስፈልጋል። ከ1993 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው ዴቢያን የተባለው ፕሮጀክት አባላት በ2010 ድምፅ ሰጥተው የፕሮግራም ሥራ የማይሠሩ አስተዋጽኦ አድራጊዎችም ሙሉ አባል እንዲሆኑ መወሰናቸው ለዚህ ምስክር ነው።

ጉድለቱ የት እንደሆነም የታወቀ ነው። ጊትሃብ የተባለው የኮድ ማከማቻ በ2017 ባካሄደው የዳሰሳ ጥናት ከተጠየቁት ውስጥ 93 በመቶ የሚሆኑት ያልተሟላ ወይም ጊዜ ያለፈበት መመሪያ እንደሚያጋጥማቸው ገልጸዋል። ይሁን እንጂ ከአስተዋጽኦ አድራጊዎቹ 60 በመቶ የሚሆኑት መመሪያ የሚጽፉት ከስንት አንዴ ነው ወይም ጨርሶ አይጽፉም። በነጋዴ ቋንቋ ሲነገር ፈላጊው ብዙ፣ አቅራቢው ጥቂት የሆነበት ሥራ ይህ ነው።

ዕቃ ማስተዋወቅም ቢሆን መዋጮ ነው። ፋየርፎክስ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ የመጀመሪያ ስሪቱ በኖቬምበር 2004 ሲወጣ ደጋፊዎቹ ከኪሳቸው አዋጥተው በሚቀጥለው ወር ኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ሁለት ገጽ ማስታወቂያ አውጥተዋል። ያዋጡት ሰዎች ስም በማስታወቂያው ላይ ታትሞ ነበር። ‹‹ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ›› የሚባለው ይህን ለመሰለ ነገር ነው።

ሁሉም ሲጠቀም ማንም ሳይከፍል

መዋጮ ሲጠፋ የሚመጣው ጉዳት በኤፕሪል 2014 በገሃድ ታይቷል። ኦፕንኤስኤስኤል የይለፍ ቃልና የካርድ ቁጥር በኢንተርኔት ሲተላለፍ ምስጢሩን የሚጠብቅ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ነው። በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ኸርትብሊድ የሚል ስም የተሰጠው ቀዳዳ መገኘቱ በዚያ ወር ይፋ ሆነ። ቀዳዳው ማንም ሳያየው ለሁለት ዓመታት ያህል ክፍት ሆኖ ቆይቷል። በፕሮግራሙ ይገለገሉ ከነበሩት መካከል የዓለም ትላልቅ ኩባንያዎች ይገኙበታል።

የፕሮጀክቱን የገንዘብና የውል ጉዳይ ይከታተሉ የነበሩት ስቲቭ ማርኬስ በወቅቱ እንደገለጹት ፕሮጀክቱ በልገሳ የሚያገኘው ገንዘብ በዓመት 2 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። ሙሉ ጊዜውን ለዚህ ሥራ ያዋለ ባለሙያም አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጉዳቱ ከታወቀ በኋላ ጎግል፣ ማይክሮሶፍት፣ አይቢኤምና ሌሎችም ኩባንያዎች እያንዳንዳቸው ቢያንስ 100 ሺህ ዶላር በየዓመቱ ለሦስት ዓመታት ለመስጠት ቃል ገቡ። የኮዱ ስህተት የአንድ ሰው ስህተት ነው። ስህተቱን ሁለት ዓመት ያቆየው ግን መርማሪ ለመቅጠር የሚያስችል ገንዘብ አለመኖሩ ነው። የጎደለው ነገር ኮድ ጸሐፊ ብቻ ሳይሆን ከፋይም ነበር።

‹‹ድንቅ ደረሰኝ››

ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ በጣም የሚቀርበው የመዋጮ መስክ ትርጉም ነው። ሊብሬኦፊስ የተባለው ነፃ የቢሮ ፕሮግራም በአማርኛም ይገኛል። የዚህ ዓይነቱ የአማርኛ ሥራ የተገኘው ፈቃደኛ ተርጓሚዎች ቃል በቃል በመልፋታቸው ነው። ለሥራው የሚያስፈልገው ኮድ ማወቅ ሳይሆን ሁለቱን ቋንቋዎችና ሙያውን ማወቅ ነው። ተርጓሚው ዌብሌትን በመሰለ የትርጉም መድረክ ላይ ይመዘገባል፤ እንግሊዝኛውን ያያል፤ አማርኛውን ይጽፋል።

ችግሩ የንግድ ቋንቋ ላይ ሲደረስ ነው። ሙያውን የማያውቅ ተርጓሚ ወይም የትርጉም ማሽን በሒሳብ ፕሮግራም ውስጥ ‹‹ባላንስ›› የሚለውን ቃል ሲያገኝ ‹‹ሚዛን›› ሊለው ይችላል። ሒሳብ ሠራተኛው የሚያውቀው ግን ‹‹ቀሪ ሒሳብ›› የሚለውን ነው። ‹‹አውትስታንዲንግ›› የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ድንቅ ማለትም፣ ያልተከፈለ ማለትም ይሆናል። ስለዚህ ያልተከፈለ ደረሰኝ ‹‹ድንቅ ደረሰኝ›› ሆኖ ቢወጣ ሊያስገርም አይገባም። ተሰብሳቢና ተከፋይ ሒሳብ ተምታተው የተተረጎሙበት ፕሮግራም ላይ ግን ሳቁ ወደ ኪሳራ ይለወጣል። እንዲህ ያለውን ስህተት ለማረም ከፕሮግራም ጸሐፊው ይልቅ አሥር ዓመት መዝገብ የያዘ ሒሳብ ሠራተኛ ይሻላል።

አማርኛ በኮምፒዩተር ላይ የዛሬውን ቦታ ያገኘውም ከኮድ በፊት በተሠራ ሥራ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በአንዱ ማተሚያ ቤት ኮምፒዩተር የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ዘንድ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይወጣ እንደነበር የዘመኑ ጸሐፊዎች አይዘነጉትም። ከችግሩ ለመውጣት የትኛው ፊደል የት ይግባ የሚለውን ለይቶ የሚያውቅ የቋንቋ ሰው አስፈልጓል።

ጳጉሜን የማያውቅ ፕሮግራም

ሁለተኛው መስክ ስህተት ማመልከት ነው። ዓመቱ 12 ወር ብቻ ነው ብሎ የተሠራ የደመወዝ ወይም የወለድ ማስሊያ ጳጉሜን ላይ ሲደርስ ይቸገራል። ባህር ማዶ ያለው ፕሮግራም ጸሐፊ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለም። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን እንደሚጀምር፣ የቀኑ አንድ ሰዓት ከጠዋቱ እንደሚቆጠር የሚያውቀው እዚሁ ያለው ተጠቃሚ ነው።

‹‹አይሠራም›› ብሎ መጻፍ ግን ማመልከት አይባልም። ጥሩ ማመልከቻ አራት ነገሮችን ይይዛል፦ የፕሮግራሙ ስሪት ስንት እንደሆነ፣ ተጠቃሚው በቅደም ተከተል ምን እንዳደረገ፣ ምን ይሆናል ብሎ እንደጠበቀና በምትኩ ምን እንደሆነ። የስክሪኑ ፎቶ ቢያያዝ ደግሞ መልካም ነው። ከመላኩ በፊት ሌላ ሰው ያንኑ አመልክቶ እንደሆነ መፈተሽም የሁለቱንም ወገን ጊዜ ያተርፋል።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሊጠነቀቅባቸው የሚገቡ ሁለት ነገሮች አሉ። ማመልከቻው ማንም ሊያየው የሚችል በመሆኑ የደንበኛ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና የሒሳብ ቁጥር ከፎቶው ላይ መጥፋት አለባቸው። የተገኘው ስህተት ለሌባ በር የሚከፍት ከሆነ ደግሞ በይፋ ሳይሆን ፕሮጀክቱ ለዚህ ባዘጋጀው ዝግ አድራሻ መላክ ይኖርበታል።

የአስተዋይ ዓይን ዋጋ በማርች 2024 ታይቷል። ኤክስዜድ በተባለ ትንሽ ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ውስጥ በረዳትነት ስም የገባ ሰው በስውር የተከለው የጓሮ በር የተገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባሉ የማይክሮሶፍት ባለሙያ የኮምፒዩተራቸው መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን አስተውለው ምክንያቱን በመከታተላቸው ነው። ፍሮይንድ የሙያው ሰው ናቸው። ምርመራው የተጀመረው ግን ‹‹ትናንት እንዲህ አልነበረም›› ከሚል ትዝብት ነው።

ለነጋዴው ምን ይተርፈዋል?

ለእንዲህ ዓይነቱ መዋጮ አብዛኛውን ጊዜ ክፍያ የለውም። የቀረበው ሐሳብ ሁሉም ተቀባይነት ያገኛል ማለትም አይደለም። ፕሮጀክቱን የሚመሩት ሰዎች ሊያዘገዩት ወይም ሊጥሉት ይችላሉ።

ትርፉ በሌላ በኩል ይመጣል። አንድ ጊዜ የታረመ ስህተት በሚቀጥለው ስሪት ታርሞ ይመጣል፤ ለየብቻ ባለሙያ ቀጥሮ በየዓመቱ ከማስጠገን ያድናል። መመሪያ የጻፈ ወይም የተረጎመ ሠራተኛ ፕሮግራሙን ከማንም በላይ ያውቀዋልና ለአሠልጣኝ የሚወጣው ገንዘብ ይቀራል። በማስተማርና በመትከል ሥራ መተዳደር ለሚሹ ወጣቶችም ስማቸው የሰፈረበት የትርጉምና የመመሪያ ሥራ ከማንኛውም የምስክር ወረቀት ያላነሰ ማስረጃ ነው።

በወር ሁለት ሰዓት ለአንድ ሒሳብ ሠራተኛ መፍቀድ ወይም ለፈቃድ ሊወጣ ከነበረው ገንዘብ ጥቂቱን ለፕሮጀክቱ መላክ ለአንድ መካከለኛ ድርጅት ከባድ ወጪ አይደለም። ይህን የማያደርግ ነጋዴ ሌላው በቀየሰለት መንገድ፣ ሌላው በመረጠለት ቃል መገበያየቱን ይቀጥላል። መንገዱ ሲበላሽ ደግሞ አቤት የሚልበት የለውም።