የሙሽራዋ ፊትና 16 ቢት

በጉቴ ወይም በነቀምቴ ሠርግ የሚያነሳ ባለሙያ በፎቶ ሥራ ከባድ ከሚባሉት ትዕይንቶች አንዱን ነው በየሳምንቱ የሚጋፈጠው። ጠይም ሙሽራ ነጭ ቬሎ ለብሳ፣ ጥቁር ሱፍ ከለበሰ ባሏ ጎን፣ በቀትር ፀሐይ ትቆማለች። ካሜራው ቬሎው ነጭ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ብርሃኑን ሲቀንስ ፊቷ ይጨልማል። ስለዚህ ፎቶው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የመጀመሪያው ሥራ ያንን ፊት ማፍካት ነው። ስክሪን ላይ ያማረው ፊት በትልቁ ሲታተም ግን ጉንጯ ላይ ለስላሳ መሆን የነበረበት ጥላ እርከን እርከን ሠርቶ ይወጣል። ደንበኛው ማተሚያ ቤቱን ይወቅሳል፤ ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱን። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የተፈጠረው ከዚያ በፊት፣ ፋይሉ በየትኛው ቢት እንደተሠራ ሳይታሰብበት ሲቀር ነው።

ዲጂታል ፎቶ የፒክስሎች ስብስብ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ለቀይ፣ ለአረንጓዴና ለሰማያዊ አንድ አንድ ቁጥር ይይዛል። የቢት መጠን የሚነግረን እያንዳንዱ ቀለም ከድቅድቅ ጨለማ እስከ ሙሉ ብርሃን ስንት እርከን እንዳለው ነው። በ8 ቢት እርከኑ 256 ነው። በ12 ቢት 4,096፣ በ14 ቢት 16,384፣ በ16 ቢት ደግሞ 65,536 ይደርሳል። እህል በቁና ብቻ የሚሰፍር ሰው የሁለት እፍኝ ልዩነት አይታወቀውም፤ በሲኒ የሚሰፍር ግን ያውቀዋል። 8 ቢት ቁናው ነው።

የሦስቱ ቀለሞች 256 እርከን እርስ በርሱ ሲባዛ 16.7 ሚሊዮን ገደማ ቀለም ስለሚሰጥ፣ «ይህ ለዓይን ይበቃል» የሚል ክርክር ይሰማል። ላለቀ ፎቶ እውነት ነው፤ ይበቃል። ገና ለሚሠራበት ፎቶ ግን አይበቃም። የሙሽራዋ ፊት ከ256ቱ እርከኖች በታችኛዎቹ 64 ውስጥ ወድቋል እንበል። ብርሃኑን እጥፍ ስናደርገው እነዚያ 64 እርከኖች በ128 ቦታ ላይ ይበተናሉ፤ አዲስ እርከን ግን ከየትም አይመጣም። ከየሁለቱ ቦታ አንዱ ባዶ ይቀራል። ፎቶሾፕ ውስጥ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም የእርከኖቹን ስርጭት የሚያሳየውን ግራፍ፣ የሚያይ ሰው ይህን በዓይኑ ያገኘዋል፤ ጥርሱ እንደተሰባበረ ማበጠሪያ ክፍተት ይበዛበታል። ከዚያ ላይ ንፅፅር ሲጨመር፣ ቀለም ሲስተካከል፣ ቆዳ ሲለሰልስ ክፍተቱ እየሰፋ ይሄዳል። በ16 ቢት ተመሳሳዩ የጥላ ክፍል 16,384 እርከን አለው። ፎቶሾፕ በ16 ቢት ሲሠራ በውስጡ የሚጠቀመው ግማሹን ያህል፣ 32,769 እርከን ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን እጥፍ ማፍካት ወረቀት ላይ የሚታይ ክፍተት አይተውም።

የፊልም ዘመን ይህ ችግር አልነበረበትም። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ያነሳ የነበረው አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን የሠራበት የብር ቅብ፣ ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚሄደው ሳይቆራረጥ ነው። እርከን የመጣው ብርሃንን በቁጥር መመዝገብ ስንጀምር ነው፤ ስለዚህ ቁጥሩን የሚመርጠውም ባለሙያው ራሱ መሆን አለበት።

ምርጫው የሚጀምረው ካሜራው ላይ ነው። አብዛኞቹ ዘመናዊ ካሜራዎች ብርሃንን በ12 ወይም በ14 ቢት ይለካሉ። ካሜራው ጄፔግ ላይ ከተደረገ ግን የለካውን ወደ 8 ቢት አውርዶ ቀሪውን ይጥለዋል። ራው በሚባለው ጥሬ ፋይል ላይ ከሆነ ሁሉን ያስቀምጣል። ራው ውስጥም አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ በ14 ቢት ፋይል ከ16,384ቱ እርከኖች ግማሹ፣ 8,192ቱ፣ ለደማቁ ብርሃን ብቻ ነው የሚውለው። ብርሃኑ በግማሽ በቀነሰ ቁጥር እርከኑም በግማሽ ይቀንሳል። ጠይም ፊት ጥላ ውስጥ ሲቆም እርከን ከሚያንስበት ቦታ ያርፋል ማለት ነው። ለዚህ ነው ሪፍሌክተር መያዝ ወይም በቀን ፍላሽ መጠቀም በአገራችን ቅንጦት ያልሆነው። የትኛውም ቢት ያልተነሳ ብርሃን አይተካም።

ራው ፋይሉ ላይትሩም ወይም ካሜራ ራው ውስጥ ተስተካክሎ ወደ ፎቶሾፕ ሲሻገር 16 ቢት ሆኖ ይሻገር። ፊት ማፍካት፣ ቀለም ማስተካከል፣ ሪታች፣ ሁሉም በ16 ቢት ይሠራ። ሥራው ሲያልቅ ዋናው ፋይል በቲፍ ወይም በፒኤስዲ፣ በ16 ቢት እንደሆነ ይቀመጥ። ለማሳጠብ የሚላከው ከዚህ የተቀዳ ሌላ ፋይል ነው። ቅጂው በሚታተምበት ልክ ይስተካከላል፤ ለ20 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ በኢንች 300 ፒክስል፣ 2,362 በ3,543 ፒክስል ይሆናል። ከዚያ ወደ ኤስአርጂቢ ቀለም ይቀየራል፣ መጨረሻ ላይ ወደ 8 ቢት ይወርዳል፣ በከፍተኛ ጥራት ጄፔግ ይሆናል። ቀለሙ ከቢቱ በፊት ይቀየር፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የቀለም ስሌቱ በጥቂት እርከን ላይ ይሠራና ያተረፍነውን ያባክናል። የፎቶ ቤት ማተሚያዎች በአብዛኛው የሚቀበሉት 8 ቢት ጄፔግ ስለሆነ፣ 16 ቢት ፋይል ይዞ ሄዶ መከራከር ጥቅም የለውም።

በስልክ ወይም በጄፔግ ብቻ የተነሳስ? ወደ 16 ቢት መቀየሩ የጠፋውን እርከን አይመልስም፤ ከዚያ በኋላ በሚሠራው እርማት የሚደርሰውን ተጨማሪ ጉዳት ግን ይቀንሳል። ጄፔግን ደጋግሞ እየከፈቱ በላዩ ላይ ማስቀመጥ ግን መቅረት አለበት፤ በተቀመጠ ቁጥር ይጎዳል። ፋይሉን ወደ ማተሚያ ቤት በቴሌግራም የሚልክም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላከው፤ ያለዚያ መተግበሪያው ያሳንሰዋል።

የሰማይ ነገር ለብቻው ነው። ከነቀምቴ ኮረብታ የተነሳ የማታ ሰማይ፣ ከብርቱካናማ ወደ ሰማያዊ ቀስ እያለ የሚሄድ ሰፊ ገጽ ስለሆነ እርከንን አይደብቅም። ወደ 8 ቢት ከማውረድ በፊት በጣም ጥቂት ኖይዝ መጨመር እርከኑ የሚሠራውን መስመር ይሰብረዋል፤ ወረቀት ላይ ኖይዙ አይታይም። ስክሪን ላይ የሚታይ መስመር ሁሉ ግን ከፋይሉ ነው ብሎ መደንገጥ አይገባም። ብዙ ስክሪኖች 8 ቢት ወይም ከዚያ በታች ስለሆኑ መስመሩ የስክሪኑ ሊሆን ይችላል፤ ትንሽ ቁራጭ አሳጥቦ ማየት ይሻላል።

የ16 ቢት ዋጋ ቦታ ነው። ባለ 24 ሜጋ ፒክስል ፎቶ ሳይታመቅ በ8 ቢት 72 ሜጋ ባይት፣ በ16 ቢት 144 ሜጋ ባይት ይይዛል። የአንድ ሠርግ ፎቶ ሁሉ እንዲህ ይቀመጥ ማለት ለትንሽ ፎቶ ቤት ከባድ ነው፤ አያስፈልግምም። የጭፈራውና የአጀቡ ፎቶ በጄፔግ ይበቃዋል። ለትልቅ አልበምና ለግድግዳ የሚመረጡት ጥቂቶቹ ግን ከራው ጀምሮ በ16 ቢት መሠራት አለባቸው። ለሠርግም ሆነ ለወለጋ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ፎቶ የምታስነሱ ሰዎች ውል ስትዋዋሉ ይህን ጠይቁ፤ የመረጣችኋቸው ፎቶዎች ራው ፋይልና 16 ቢት ቲፍ በሃርድ ዲስክ ይሰጣችሁ።