ሕመሙ የተወው ጥርስ

ገሱባ ገበያ ቅቤ የምትሸጥ ጎረቤት አለችን። ባለፈው ክረምት ሦስት ሌሊት ጉንጯን ይዛ ስታቃስት አደረች። በአራተኛው ቀን ፈገግ ብላ ወጣችና «ተወኝ፣ ድኗል» አለች። ሁላችንም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልን። ሁለት ወር ሳይሞላ ጉንጯ እስከ አንገቷ ድረስ አብጦ ምራቋን መዋጥ ሲያቅታት ተሸክመን ሶዶ ሐኪም ቤት ወሰድናት።

ዝም ያለ ጥርስ ዳነ ማለት የሞኝ ሐሳብ አይደለም። የእግር ቁስል ሲሽር ሕመሙ ይተዋል፤ ሰውነታችን ያስተማረን ይህንኑ ነው። ጥርስ ግን ሌላ ነው። ኢናሜል የሚባለው ላይኛው ቅርፊት ሕይወት ያለው ሕዋስ ስለሌለው ከተቦረቦረ መልሶ አይሞላም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን ደግሞ በአንድ ካሬ ሚሊሜትር በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፤ ባክቴሪያው የሚዘልቀው በእነዚህ ነው። መሀል ላይ ደም ሥርና ነርቭ የያዘው ለስላሳ ሥጋ አለ። ዳር ዳሩን የተደረደሩት ሕዋሳት ጠላት መምጣቱን ሲያውቁ ነጭ የደም ሕዋሳትን ይጠራሉ፤ ከውስጥ በኩልም አዲስ ዴንቲን ይገነባሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ብቻ ጥዝ ብሎ ወዲያው የሚተወው ጥርስ ብዙውን ጊዜ እዚህ ደረጃ ላይ ነው፤ ተሞልቶ ይተርፋል።

ሌላው አካላችን ሲቆጣ ያብጣል። ጥርስ ውስጥ ግን ለእብጠት ቦታ የለም። ግፊቱ እየጨመረ፣ በሥሩ ጫፍ በጠባብ ቀዳዳ የሚገባው ደም እየተዳከመ ሄዶ ሥጋው ይሞታል፤ ነርቩም አብሮ። ጎረቤታችን ያን ቀን ፈገግ ያለችው ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ የሰውነት መከላከያው ከሥሩ ጫፍ ውጭ ቆሞ ባክቴሪያውን ያግዳል እንጂ ደም ወደሌለበት ገብቶ አያጠፋውም። ጥበቃው መቼ እንደሚላላ ማንም አስቀድሞ አይነግራችሁም፤ በሳምንት ሊሆን ይችላል፣ በዓመታትም።

የሚያናድደኝ አሞክሳሲሊን አራት ፍሬ ቆርጦ «ይበቃሻል» የሚለው ሻጭ ነው። መድኃኒት የሚሄደው በደም ነው፤ የሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም የለም። ሥሩ ከውስጥ መታጠብ አለበት፣ አለዚያ ጥርሱ ይነቀላል።

ጥርስ ይበላል የሚባለው ትልስ? የእምቧይ ፍሬ ጭስ ታጥነው «ወጣ» ብለው ያሳዩኝ ነጭ ነገር ከፈነዳው ዘር የወጣ ፅንስ ነው። ቅርንፉድ ግን እውነትም ያደነዝዛል፤ ማደንዘዝ ብቻ።

ሶዶ መግሉ ተከፈተላት፣ ጥርሷም ተነቀለ። ቅቤዋን ትሸጣለች፤ ከመቀነቷ ቋጠሮ ቅርንፉድ አይጠፋም።