ስለ መኪና ጥገና ሙያና ስለ ሴቶች



የዛሬው ንግግራችን ስለ መኪና ጥገና ነው። ነገር ግን የምንናገረው ሞተር እንዴት እንደሚሠራ ሳይሆን፥ ሞተርን የሚያውቀው ማን እንደ ሆነና ያንን ዕውቀት ከወዴት እንዳገኘው ነው።

ከዊንጌት ወደ ጦር ኃይሎች በሚወስደው ቀለበት መንገድ በኩል ወደ ኮልፌ የገባ ሰው፥ ጋራዦችንና ጎሚስታዎችን ማየቱ አይቀርም። አንድ ቀን የእኅቴ መኪና ድምፅ ስላበጀች በዚያ ሰፈር ወደሚገኝ ጋራዥ አብሬያት ሄድሁ። መኪናዋን ስድስት ዓመት የነዳቻት እኅቴ ናት፤ እኔ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለኝም። «መሪውን ሳጠማዝዝ ብቻ ከፊት ጎማው በኩል ቀጭ ቀጭ ትላለች» ብላ ነገረችው። መካኒኩ እርሷን አዳመጠና መልሱን ለእኔ ሰጠ። «ጋሼ፥ ሞላዋ ነው፤ ይቀየራል» አለኝ። ሞላው ተቀየረ፥ ሒሳቡም ተከፈለ፤ ድምፁ ግን በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። በሌላ ጋራዥ ሲታይ፥ የተበላሸው ጎማውን በሚያዞረው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ሆኖ ተገኘ። የዚህ መገጣጠሚያ የላስቲክ ሽፋን ሲቀደድ ግሪሱ ያልቃል፥ አቧራ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ መሪ በተጠመዘዘ ቍጥር ይጮኻል። እንግዲህ እኅቴ የተናገረችው ምልክት ለሚያዳምጥ ሰው በሽታውን ራሱን የሚገልጽ ነበር።

ያን መካኒክ ክፉ ሰው ነው ለማለት አልደፍርም። ስለ መኪና ከሴት አፍ የሚሰማ ቁም ነገር ይኖራል ብሎ ያስተማረው የለም። በእኛ አገር አብዛኛው የጋራዥ ሙያ የሚወረሰው ቆሞ በማየት ነው። ልጁ ገና በክረምት ዕረፍቱ ቁልፍ አቀባይ ሆኖ ይገባል፤ «ዐሥራ ሰባት ቁልፍ! ፒንሳ! ካቻቢቴ!» ሲባል እየሮጠ ያመጣል። ፍሪሲዮኑን፥ ካምቢዮውን፥ ካንዴላውንና ባሌስትራውን በስማቸው የሚለየው እንዲሁ ነው። እነዚህ ቃላት ከጣሊያን ቋንቋ የመጡ መሆናቸውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ከጌታ ወደ ረዳት፥ ከረዳት ወደ ቁልፍ አቀባይ ሲተላለፉ ኖረዋል። ሴት ልጅ ግን በዚያ ክረምት ወደ ጋራዥ አትላክም። የከለከላት ሕግ የለም፤ ነገር ግን ቆማ የምታይበት ቦታ አልተሰጣትም። ያላየችውንም ሙያ አላወቀችም ተብላ ትወቀሳለች።

ቴሌቪዥን የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ አገር እ.ኤ.አ. በ2012 «ኦል ገርልስ ጋራጅ» የተባለ ዝግጅት ተጀመረ፤ የሴቶች ብቻ ጋራዥ ማለት ነው። መኪናውን የሚፈቱትም የሚገጥሙትም፥ ለተመልካች የሚያስረዱትም ሴቶች ናቸው። ከእነርሱ አንዷ ቦጊ ላታይነር በፊኒክስ ከተማ የራሷን ጋራዥ ከፍታ የምትሠራ፥ ለሴቶችም ስለ መኪናቸው ትምህርት የምትሰጥ ባለ ሙያ ነበረች። ሌላዋ ጄሲ ኮምብስ በብየዳ ሥራ የታወቀች ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በኦሪገን በረሃ የፍጥነት ክብረ ወሰን ስትሞክር በደረሰባት አደጋ ሞተች። በዚያ ዕለት በሰዓት 841 ኪሎ ሜትር መንዳቷ ከሞተች በኋላ ተመዝግቦላታል።

የዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ጥቅም እጅና ቃል አብረው መታየታቸው ነው። ለምሳሌ ፍሬን ሲያዝ የሚያፏጨው ስለ ምንድር ነው? የፍሬኑ ሸራ እየሳሳ ሄዶ በመጨረሻ ብረት ከብረት ጋር ስለሚፋተግ ነው። ይህን በወሬ የሰማ ሰው ይረሳዋል፤ ያለቀውንና አዲሱን ሸራ ጎን ለጎን ያየ ግን አይረሳውም። አንድ ነቀፌታ አለኝ፤ ቴሌቪዥን የዛገ ብሎን ግማሽ ቀን ሲያስለፋ አያሳይም። ሥራው ሁሉ በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ የሚመስለው ወጣት ጋራዥ በገባ በሦስተኛው ቀን ተስፋ ይቆርጣል።

በነገራችን ላይ፥ ሴት መኪና ስትጠግን ማየት አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው የመኪናን ታሪክ ከመጀመሪያው ይመልከት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1888 የካርል ቤንዝ ሚስት ቤርታ ቤንዝ ለባሏ ሳትነግር፥ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ከማንሃይም እስከ ፎርስሃይም 106 ኪሎ ሜትር ያህል ነዳች። የነዳጁ ቧንቧ ሲደፈን በባርኔጣዋ መርፌ ከፈተችው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው ሲላጥ በካልሲዋ ማሰሪያ ጠቀለለችው። ነዳጅ የገዛችው ከመድኃኒት ቤት ነው፤ የፍሬኑን ቆዳ የመታላት ጫማ ሰፊ ነው። ከዚያ ተመልሳ መኪናው ዳገት የሚወጣበት ተጨማሪ ማርሽ እንዲበጅለት ለባሏ ነገረችው። የኮልፌን ዳገት በአሮጌ ታክሲ የወጣ ሁሉ ለዚህ ምክሯ ባለዕዳ ነው።

በአፍሪካም ሳንድራ አግዌቦር የተባለች ናይጄሪያዊት መካኒክ፥ እ.ኤ.አ. በ2004 ሌሎች ሴቶችን ወደዚህ ሙያ የሚያስገባ ድርጅት መሥርታለች። በአገራችንም በኅዳር ወር 2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ባንኮክ የላከው አውሮፕላን በአየርም በምድርም ሥራው በሴቶች የተከናወነ ነበር። ለአውሮፕላን የታመነ እጅ ለታክሲ የማይታመንበት ምክንያት አይታየኝም። ዊንጌትም ቢሆን በ1930ዎቹ መጨረሻ ለወንዶች ልጆች የተከፈተ ትምህርት ቤት ነበር፤ ዛሬ ሙያ የሚያስተምር ኮሌጅ ሆኖ ሴቶችም ይማሩበታል።

ጊዜውም ምቹ ሆኗል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። በኤሌክትሪክ ብቻ የሚሄድ መኪና ካንዴላ የለውም፥ ፍሪሲዮንም የለውም፤ ባትሪው ግን ኃይሉ ሳይቋረጥ ቢነካ ሰው ይገድላል። ስለዚህ የሃያ ዓመት መካኒክና ትናንት የተመረቀች ልጅ በዚህ መኪና ፊት ብዙ አይራራቁም፤ ሁለቱም እንደ ገና ይማራሉ። ቴሌቪዥናችን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የወጥ አሠራርን ለሴቶች ማስተማር አላስቸገረውም። እንግዲህ አንዲት ባለ ሙያ ቱታዋን ለብሳ ስለ ባትሪና ስለ ፍሬን ሸራ በአማርኛ የምታስረዳበት ግማሽ ሰዓት ቢሰናዳ፥ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም።

እኅቴን ብትጠይቋት፥ ይህ እስኪሆን ድረስ የራሷን ዘዴ አግኝታለች። ጋራዥ ስትሄድ እኔን ይዛ መሄድ ትታለች፤ የወለቀውንም ዕቃ በእጇ ይዛ ሳታየው ሒሳብ አትከፍልም።